እስከ ጫማዬ የወጣው ጉርድ ፎቶ

ልጄ አሰጋሽ፣ አቦዬ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁኑሽ። ሆድሽ እንዴት ነው? እግርሽስ ማበጡን ተወ? እኛ ደህና ነን። አቃቂ ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ ገብቷል።

በባቡሩ ሠራተኛ እጅ ከጅቡቲ የላክሽው ካሜራ ደርሶኛል። ሳትወልጂ እንድደርስልሽ ብዬ ለፓስፖርቱ ጉርድ ፎቶ እዚሁ ቤት ልነሳ አሰብኩ። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥሬ፣ ጎረቤታችን ዙፋንን "ጠጋ ብለሽ ከደረቴ በላይ አንሺኝ" ብላት፣ "ኧረ በስመአብ! ደህናውን ሰው ከደረቱ ልቁረጠው?" ብላ በሩ ድረስ አፈግፍጋ አነሳችኝ። ፊልሙን አሳጥበን ስናየው እስከ ጫማዬ ወጥቻለሁ። ለፓስፖርት አይሆንም።

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ሳለ ፎቶውን ደግሜ አየሁት። በዚያ ነጭ አንሶላ ላይ ከሻሼ እስከ ጫማዬ ጥቁር ብቻ ነኝ። አባትሽ ካረፉ ሦስተኛ ዓመት ሆነ፤ ሰው ሁሉ "ይበቃል፣ አውልቂ" ሲለኝ እንቢ ያልኩት ምን እንደምመስል ስላላየሁ ነው። በዚህ ልብስ ልጅ ልቀበል?

በማግስቱ አባትሽ የገዙልኝን አረንጓዴ ቀሚስ ከሳጥን አወጣሁ። ዙፋንንም እጇን ይዤ አጠገቤ ድረስ አስጠጋኋት። አሁን ልክ መጣ፤ ወረቀቱንም አስገብቻለሁ።

ውሃ ጠጪ፤ በፀሐይ አትውጪ። እመብርሃን በሽልም ታውጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ባቡር ጣቢያ ልትቀበይኝ ስትመጪ ጥቁር የለበሰች ሴት እንዳትፈልጊ።

እናትሽ መሰለች