ዘጠኝ ሰከንድ የዘገየው ድምፅ

ውድ አምፓሮ፣

ከሌይቴ ደሴት ነው የምጽፍልሽ። ናዳው የስልክ ማማውን ስለጣለው፣ በናዳው የተቀበሩትን የሚፈልጉት ቆፋሪዎች ሬዲዮኖች ድምፅ እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። በየትኛው በኩል እንዲያልፍ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እኛ ሰፈር ስልክ ሲዘገይ ተነጫንጨን እንዘጋዋለን፤ እዚህ ሰው ይሞታል።

ማክሰኞ ጠዋት ዳገቱን የሚጠብቀው ቤኒግኖ አፈሩ ሲንሸራተት አይቶ፣ ታች ለሚቆፍረው ክሪሳንቶ በሬዲዮ «ወንድሜ ክሪሳንቶ፣ ውጣ፣ ቶሎ ውጣ» አለ። ሬዲዮኖቹ የመረጡት አጭሩ መንገድ ግን በሌላ ወሬ ተጨናንቆ ነበር። ድምፁ ዘጠኝ ሰከንድ ዘግይቶ ደረሰ። የክሪሳንቶን ሬሳ ከሰዓት በኋላ ከጭቃ አወጣነው።

በማግስቱ፣ ቢረዝምም ወረፋ የሌለበትን መንገድ እንዲመርጡ አስተካከልኳቸው። አሁን ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይደርሳል። የክሪሳንቶ ሚስት ሮሳሊንዳ ለቆፋሪዎቹ ሩዝ ይዛ ስትመጣ ይህን ሰማች።

«እህቴ፣ ሰኞ ማስተካከል አይቻልም ነበር?» አለችኝ።

«ይቻል ነበር» አልኳት። ሰኞ ማታ ደክሞኝ ለነገ ብዬ የተውኩት ሥራ ነው።

 ከዚያ ሩዙን በሳህን አድርጋ ሰጠችኝና፣ «በይ ብዪ፣ ሥራ አለብሽ» አለችኝ።

የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ሞላ። በእኔ ፈንታ የእናትሽን እጅ ለአክብሮት ግንባርሽ ላይ አድርጊልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ስመጣ ምንም አትጠይቂኝ፣ አጠገቤ ብቻ ተቀመጪ።

ነኒታ