ባልተዘራው ማሳህ ላይ ያገድኩት ውሃ

ውድ ልጄ ሙንተሲር፣

ሰባ ስምንት ዓመቴን ይዣለሁ። በሬ አሁንም እጠምዳለሁ። የማሽላ ወፍ ከማማ ላይ ሆኜ በወንጭፍ እመልሳለሁ፤ ዓይኔ ትንሽ ቢደክምም ወፎቹ ይህን አያውቁም። ጎርፍ ሲመጣ ቦይ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እናትህ ኡሙሃኒ ከሞተች ወዲህ ልብሴን የማጥበው እኔው ነኝ። ይህንንም ደብዳቤ እኔው እጽፈዋለሁ። ሚስትህ ፈሪሀ ልጻፍልዎት ብትለኝ እምቢ አልኳት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የያዝኩት ፊደል ይበቃኛል። ከተጣመመ አንተ ለምደኸዋል፣ እየሳቅክ ታነበዋለህ።

የት እንደምልከው አላውቅም። ላንተ ካልሆነ ግን ለማንም የማልናገረው ነገር ነው።

ባሕር ተሻግረህ ልትሠራ መኪና ላይ ስትወጣ፣ ለማሽላ አጨዳ እደርሳለሁ፣ ማሳዬን ማንም እንዳይነካብኝ አልከኝ። አላስነካሁትም። አጨዳ አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ፣ እኔ የራሴን ዘርቼ ያንተን ጾም አሳደርኩት።

አብሮህ የሄደው መህዲ ግን ተመለሰ። ጎብዬ ገበያ መሃል አገኘኝና ጀልባዋ ተገለበጠች ብሎ ጀመረ። ሬሳውን አይተሃል ወይ አልኩት። አላየሁም አለ። እንግዲያ አፍህን ዝጋ፣ ውሸታም ብዬ ሰው ፊት አዋረድኩት። የቀረውን ሳይነግረኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ኢማሙ መጡ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ የፈሪሀ አባት ከዋጃ ተመላለሰ። ሬሳው ላልተገኘ ሰው የሚሰገደው የጀናዛ ሶላት ይሰገድለት፣ ሰደቃውም ይውጣለት፣ ልጅቱም ኢዳዋን፣ ባል የሞተባት የምትጠብቀውን ወራት፣ ተቀምጣ ኀዘኗን ትወጣ አሉኝ። ፈሪሀ እንደሆነች አባዬ እሺ ሳይሉ ኀዘን አልቀመጥም ብላለች። እኔም እሺ አላልኩም። ከየሶላቱ በኋላ እጄን አንስቼ ልጄን አምጣልኝ እላለሁ። ሌላ ዱዓ አልነበረኝም። ቀኑን እንኳ እቆርጥለት ነበር፤ ለዒድ፣ ካልሆነ ለዘር፣ ካልሆነ ለአጨዳ።

ዘንድሮ ሐምሌ ዝናቡ ቀርቶብን ማሽላው ሁሉ ቅጠሉን ጠቅልሎ ሰነበተ። አንድ ቀን ከሰዓት የዐስርን ሶላት ሰግደን ስንወጣ ጎርፉ ከተራራው ወረደ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ የላይኛው ማሳ ቀድሞ ይጠጣል፣ ውሃ አከፋፋዩ የውሃ አባት በቃ ሲልህ ግድቡን በገዛ እጅህ አፍርሰህ ለታችኛው ትለቃለህ። የእኔ ጠጣ። ያልተዘራው ያንተም ሞልቶ ባሕር መሰለ። የውሃ አባቱ እሱባለው በቃ አለ። አለቅም አልኩ። ልጄ መጥቶ ሲዘራ እርጥብ መሬት ይፈልጋል አልኩት።

እሱባለው አብሮ አደጌ ነው፣ ምላሱን ታውቀዋለህ። «ዘይኑ፣ ለዓረም ነው የምታጠጣው? የራቢያ ማሽላ እኮ ከታች አፉን ከፍቶ ይጠብቃል» አለኝ። ቆሞ የሚያየው ሰው ሳቀ። እኔ አካፋዬን ተደግፌ ግድቡ ላይ ተተከልኩ።

ይኼኔ ፈሪሀ የሚጠጣ ውሃ ይዛልኝ መጣች። በሰው ፊት ልትመክረኝ አልፈለገችም። ጣሳውን ስትሰጠኝ ዝቅ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ አንቱ አላህን አይለምኑትም፤ ትእዛዝ ነው የሚሰጡት። እኔም እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ፣ ከአንቱ አላንስም። ግን ያረብ፣ ፍላጎቴ ይኸው፣ አንተ ያሻህን አድርግ፣ እኔን ብቻ አትልቀቀኝ እለዋለሁ። ካለዚያማ ሌሊቱ እንዴት ይነጋልኛል?»

ፊቷን አየሁት። ያች እልፍኝ ሙሉ የነበረች ልጅ እኔ ቤት ስትጠወልግ አይቼ አላየሁም ነበር።

ግድቡን በአካፋ መታሁት። ላግዝህ ያለኝን ሁሉ ገፋሁት። አፈሩ ተንዶ ውሃው ሲወጣ፣ ሙንተሲር፣ አንተ ከእጄ የወጣህ መሰለኝ። ራቢያ ማሳ እስኪደርስ ቆሜ አየሁት። ከዚያ እሱባለው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። እሱን አልገፋሁትም።

ኢማሙን እሺ አልኳቸውና ጁምዓ ዕለት የጀናዛ ሶላቱ ተሰገደልህ። እሱባለው ክርስቲያን ቢሆንም ከመስጊዱ ግቢ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ሲያበቃ እንደ ደንቡ ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። የሟች ወገን የሚለውን ቃል ዕድሜ ልኬን ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ከእኔ አፍ ግን አልወጣ አለ። በመጨረሻ፣ «ልጄ የበደላችሁ አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት። ዕዳ ካለበትም ከእንግዲህ በእኔ ላይ ነው» አልኩ። አንተ ለእኔ የሞትከው ያኔ ነው።

እሱባለው፣ «አካፋዬን ተውሶ ነበር፣ አፉ ብዬዋለሁ» አለ። ለካ የእኔ ነው ብዬ ግድቡን ያፈረስኩበት የእሱ ኖሯል። ራቢያ፣ «የጎጆዬን ክዳን አድስልሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ እኔም አፉ ብዬዋለሁ» አለች። ከዚያ መህዲ ከኋላ ተነሳ።

«ባለ ዕዳውስ እኔ ነኝ» አለ። «ማዕበሉ ሲነሳ አንድ ባዶ ጀሪካን ይዞ ነበር። ዋና እንደማልችል ስነግረው ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ከቀረሁ አባዬን ማሳውን ይዝሩት በልልኝ አለኝ። የዚያን ቀን ገበያ ላይ ልነግርዎት የመጣሁት ይህንን ነበር።»

እንግዲህ ስማኝ። እጄ ውስጥ ገና ጉልበት አለ። ዕዳህን ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈልግም። ለማሽላ ስለመሸ ማሳህ ላይ ጤፍ ዘርቼበታለሁ። የእሱባለውን አካፋ አዲስ እጀታ ገጥሜ እመልስለታለሁ፤ አፉ ማለቱን አልሰማሁም። የራቢያ ክዳን ላይ ራሴ እወጣለሁ፣ የሚስቅ ይሳቅ። መህዲ ደጅ ሄጄ አፉ በለኝ እለዋለሁ፤ ይህ ያንተ ሳይሆን የእኔ ነው። ፈሪሀ ኢዳዋን ስትጨርስ የማሳህን ጤፍ ግመል ላይ ጭኜ ዋጃ አባቷ ቤት አደርሳታለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያገባት ሰው ቢመጣ፣ እኔም እንደ አባት ተቀምጬ እመርቃታለሁ።

ዱዓዬንም ቀይሬዋለሁ። አሁንም እፈልግሃለሁ። ይህን ከአላህ አልደብቅም፣ ብደብቀውም ያውቀዋል። ቀን ግን አልቆርጥለትም። እጄን ዘርግቼ፣ ፍላጎቴ ይኸው እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእሱ እተውለታለሁ።

አንድ ዕዳ ይቀረኛል። አንተ አማና፣ የአላህ አደራ ነበርክ። ስትወለድ በጆሮህ አዛን ሳሰማህ ይህን አውቅ ነበር፤ ስታድግ ረሳሁት። ባለቤቱ አማናውን ሲጠይቀኝ እምቢ ብዬ ከረምኩ። ይኸው፣ እያለቀስኩም ቢሆን፣ በገዛ እጄ መልሼለታለሁ።

አባትህ ዘይኑዲን
ቆቦ