ባዶ የተባለው ፌርማታ

እሑድ፣ ኅዳር 14
ከአጋሚም ሰፈር ወደ ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ፣ አምስት ምልልስ። ጠዋት ስገባ ከመሪው አጠገብ ስክሪን፣ ከራሴ በላይ ካሜራ ገጥመው ጠበቁኝ። የስምሪት ኃላፊያችን ኦፊር፣ ከእንግዲህ አውቶቡሶቹን ሁሉ የሚመራው ኮምፒውተሩ ነው አለ። ለአፍሪካ ከተሞችም ሊሸጡት ነው፣ ለአዲስ አበባም… ደስ የሚለኝ መስሎት። እዚህ እስራኤል ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ ማን ሲመራኝ ነበር?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ስክሪኑ ቀይ በራ። ሾፌር ባየ፣ ዘግይተሃል ይላል። አርባ ሰከንድ! የዘገየሁት አረጋውያኑ ከሚኖሩበት ሕንፃ ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ ነው፣ እማማ ይታይሽና ጓደኞቻቸው ሲሳፈሩ። እንዴት አደርክ፣ ልጆችህስ፣ ጤናህስ… ሳይቀመጡ ልንቀሳቀስ ነው? የጉዞ ካርዳቸውን ከመሐረብ ቋጠሮ ሊፈቱ ሲሉ እንደ ሁልጊዜው "ይተዉት እማማ፣ ለእርስዎ ነፃ አይደል?" አልኩ። የእናቴን እኩያ ካርድ አምጪ ማለት ነውር ነው። መርቀውኝ ገቡ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ኦፊር አስጠራኝ። ሰው በሌለበት ፌርማታ ለምን ትቆማለህ አለኝ። ሰው በሌለበት? ማን ነገረው? ካሜራው? ወይስ ኒሲም… የጠዋት ፈረቃዬን ሲመኝ የኖረ ሾፌር ነው። ሻይ እየጠጣ አየኝና ፈገግ አለ። ምን አሳቀው? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይበሉኝ፤ አላመንኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 21
ፌርማታው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አውቶቡስ አይቆምም፣ ተሳፋሪ የለም ይላል። እማማ ይታይሽ የእግራቸውን ቁስል ለማሳሰር በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒክ ይሄዳሉ። ቀጣዩ ፌርማታ ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው። በዚያ እግር? ተናድጃለሁ። ኒሲምን ሰላም ሳልለው አለፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23
ኦፊር ቢሮ ገባሁ። ማነው የዋሸው አልኩት። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። የፌርማታው የሁለት ወር የተሳፋሪ ቁጥር። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ… ካሜራው መንገዱን ያያል እንጂ ሰው አይቆጥርም፣ ሰው የሚቆጠረው በጉዞ ካርዱ በራቭ ካቭ ነው አለኝ።
"በገዛ እጄ ደግፌ ያሳፈርኳቸውስ?"
"በሴዴር፣ እሺ ባየ። ካርዱን ማሽኑ ላይ አስነክተሃቸዋል?"
አላስነካኋቸውም። ነፃ ለሚሄድም ካርዱን ማስነካት ግዴታ ነው፣ አውቅ ነበር። ይተዉት እያልኩ የሰረዝኳቸው እኔው ነኝ። ኒሲምን በከንቱ ጠረጠርኩት። ቁጥሩ ከተለወጠ ወረቀቱ ይነሣል ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24
እማማ፣ ካርዱን እዚህ ያስነኩ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ምን በደልኩህ አሉኝ። ማሽኑ እንዲያውቅዎት ነው ብል፣
"አንተ እያወቅኸኝ?"
አስነኩ። ሳይመርቁኝ ገቡ። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5
ወረቀቱ ተነሥቷል። ኒሲምን ሻይ ጋበዝኩት፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።
እማማ ይታይሽ ዛሬ ካርዳቸውን አስነኩና እዚያው ቆሙ።
"ቆጠረኝ?"
"ቆጠረዎት፣ እማማ።"
"ያልመጣሁ ቀንስ… ይፈልገኛል?"
እኔ እፈልግዎታለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። የት ብዬ? ስንት ዓመት ሳሳፍራቸው ቤታቸው የትኛው ፎቅ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ከኋላዬ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ጠየቅኳቸው።
አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።