ሁለት ቢጫ መብራት

የሆዴ ልጅ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ያኮርፋል።

«የአባቴን መኪና እንዳታስነኪያት፤ የድሮ ቅርስ ናት» ያልሽኝን ሰምቻለሁ። አስነካኋት። ኤሌክትሪሺያኑ መሰርሰሪያውን የፊት መከላከያዋ ላይ ደግኖ፣ «እትዬ፣ ያስቡበት፤ ጋሼ ቢኖሩ ኖሮ ያለቅሱ ነበር» አለኝ።

«ብሳው» አልኩት።

ሁለት ቢጫ የጉም መብራት ዝቅ አድርጎ ገጠመልኝ፤ ከፍ ካለ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል አለ። ዲናሞዋ ስላረጀች ከረጅሙ መብራት ጋር አብረው አይበሩም፤ እንደ እኔና እንደ አባትሽ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ነው።

ትናንት ጉሙ ዳገቱን እስኪውጠው ጠብቄ ወጣሁ። የመንገዱ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ እየታየኝ አየር ማረፊያው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጎረቤት «በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት» ይበል።

ባለፈው ስትመጪ ልቀበልሽ ብነሳ ጉሙ አላሳልፍ ብሎኝ፣ ሻንጣሽን እየጎተትሽ በታክሲ መጣሽ። «ምንም አይደል እማዬ» አልሽኝ። እኔን ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ብርሃን ይሁንሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትመጪ ታክሲ እንዳትይዢ። ጉም ቢሆን እንኳ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆመሽ ሁለት ቢጫ መብራት ጠብቂ።