የካፒቴኑ ጫማ ተገኘ

አማቼ ካፒቴን፣ እንደምን ሰነበትክ! ፀጉር ቤትህ ቁጭ ብለን የዚህን ጉዞ እቅድ ስናወጣ፣ ያኔ በዚሁ ባሕር ስትጓዝ ማዕበል አንድ ጫማህን ነጥቆህ እንኳ የመርከቡን መሪ እንዳልለቀቅክ ስትተርክልኝ፣ ምላጭህ ጉሮሮዬ ላይ ስለነበር ትንፍሽ ሳልል አመንኩህ።

ዛሬ ወደቡ ላይ ገመድ ለሚሸጡ ሽማግሌ ፎቶህን ባሳያቸው፣ «ውይ! ያ ምሰሶ አቅፎ ያለቀሰው ሰውዬ! ለመሆኑ ደህና ነው?» አሉኝ። ለካስ ወደ አገር ስትመለስ «መርከቡ በአፍንጫዬ ይውጣ፣ በእግሬ እሄዳለሁ!» ብለህ፣ አራት ሰዎች ተሸክመው ነው የጫኑህ! ጫማህ እዚያው ወድቆ ቀርቶ፣ ሽማግሌው የሱቃቸው በር እንዳይዘጋ እስከ ዛሬ ይደግፉበታል። ደጅህ ላይ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ለምን ዞረህ እንደምታልፍ አሁን ገባኝ።

እኔም ብሆን በመርከቡ ስመጣ አስመልሶኝ ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር ስለሌለ ብዙም አልስቅብህ።

ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ ወረፋ የሚጠብቁትንም ሰላም በልልኝ። ጫማህን ለምኜ ተቀብያለሁ። ችግሩ፣ ይህ ፖስትካርድ ማሸጊያ ስለሌለው ያገኘው ሁሉ ያነበዋል፤ እህቴ ደግሞ «ባሕር ያልበገረው ወንድ» ብላ ነው ያገባችህ። ቀድማህ ካነበበችው ጫማው እስኪደርስ አትጠብቅ፤ በአንዱም ቢሆን ሩጥ።