ከእማሆይ አረጋሽ ሣጥን የወጣው የጃፓን ባንዲራ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሁዳ ሱሌማን፣ ጃፓን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ? ሙቀቱ ጠንቶብኛል ብለሽን ነበር፤ በረደልሽ? ትምህርቱስ? ምግቡን ለመድሽው ወይስ አሁንም በበርበሬ ነው የምታታልይው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ክረምቱ ግን ዘንድሮ በርትቷል፤ ከደባርቅ በኩል የሚመጣው ጉም ሱቅ ድረስ እየገባ ጨርቁን ሁሉ እያረጠበብኝ ነው።

እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? አገኘሁ። እውነተኛውን፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን የጃፓን ባንዲራ፣ እዚሁ ዳባት፣ የገዛ ባንኮኒዬ ላይ አገኘሁ።

አምና ደባርቅ ከአንድ ዕቃ ሻጭ የገዛሁትን ፎቶ አንስቼ ስልክልሽ እንዴት እንደሳቅሽብኝ አልረሳሁም። የኳስ ሜዳ ባንዲራ ነው አልሽኝ። እውነትሽን ነበር፤ ክሩን በክብሪት ብለኩሰው ቀልጦ እንደ ጠጠር ደረቀ፤ ናይለን ነው። ዚነትም ሚስቴ ሆና ሳለ የጨርቅ ነጋዴ በጨርቅ ተታለለ እያለች ለገበያተኛው ሁሉ አወራችብኝ። አሮጌ ባንዲራ የማጠራቅምበትን ሣጥኔንም የአይጥ ቤት ብላ ስም አውጥታለታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት እማሆይ አረጋሽ ሱቅ መጡ። የቃኘው ዘማች የነበሩት የአቶ ያርጋል ልጅ ናቸው፤ ከመነኮሱ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሣጥናቸውን አይጥ በስቶባቸው፣ አንድ የቆየ ጨርቅ የሚጠቀልሉበት አቡጀዲ ፈልገው ኖሯል፤ ልኩን እንድወስድ ጨርቁን ዘረጉልኝ። ነጭ ላይ ቀይ ክብ፣ ዙሪያውን ጥቁር ጽሕፈት። አስፈቅጄ ከጠርዙ የተመዘዘች አንዲት ክር ለኮስኩ፤ የተቃጠለ ጸጉር ሸተተችና አመድ ሆነች። ሐር ነው! ቀዩ ከላይ የታተመ አይደለም፤ ክሩ ውስጥ ዘልቆ በጀርባውም ያው ነው። ጽሕፈቱ በብሩሽ ሲሆን የአንዱ እጅ ከሌላው ይለያል። በሁለቱ ማዕዘን ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ቆዳ ተሰፍቶበታል። አንቺ ከነገርሽኝ ምልክት አንድም አልጎደለም።

አባታቸው ከኮሪያ ሲመለሱ ቶኪዮ ላይ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው ያገኙት። ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ፤ ስለ ጨርቁ ግን «ሰዎች ናቸው፤ እንዳታጥቧቸው» ብለው ነበር። እኔ ምን እንዳስቸኮለኝ እንጃ፣ ይሽጡልኝ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ሰው ይሸጣል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ለካስ ጽሕፈቱ ከአባታቸው ጋር ዘምተው የቀሩ ወታደሮች ስም መስሏቸው፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በየሙት ዓመታቸው ጨርቁን እያወጡ፣ ስማቸውን አንተ ታውቃለህ እያሉ አርባ ዓመት ሙሉ ለነፍሳቸው ሲጸልዩ ኖረዋል።

እታለም፣ ጨነቀኝ። ያልሽኝ ትዝ አለኝ፤ እንዲህ ባለው ባንዲራ ላይ የሚጽፉት አገር ቤት የሚቀሩት ናቸው። ለሚዘምተው ልጅ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው በደህና ተመለስ እያሉ ይጽፉለታል። የሚሄደው አንድ ነው፤ ስሙም ጠርዙ ላይ ተለይቶ ይጻፋል። ታዲያ የጸለዩላቸው ሰዎች እኮ ያልዘመቱት ናቸው ተብሎ ለመነኩሴ እንዴት ይነገራል? ጨርቁን እየተመኘሁ ዝም ማለቱ ደግሞ ሌብነት መሰለኝ። ነገርኳቸው።

ጨርቁን ወደ ብርሃን አስጠጉት። ከዚያ «የሄደው ልጅ የትኛው ነው?» አሉኝ። ጠርዙ ላይ ተለይቶ የተጻፈውን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩትና «እናቱስ ጽፋለች?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። የሞተ ልጃቸውን ባንዲራ እስከ ዛሬ የሚፈልጉ ቤተሰቦች እንዳሉ ስነግራቸው፣ አጣጥፈው እጄ ላይ አኖሩትና አገሩ ይግባ አሉ።

አልዋሽሽም፣ ሳስቼለታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እጄ አይገባም። ሦስት ቀን ሱቁን እየዘጋሁ ሳየው ከረምኩ። ግን አማና ነው፣ አደራ ደግሞ አይበላም።

ጽሕፈቱን በስስ ወረቀት ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቀለሙ በሁለቱም ወገን ስለሚታይ ፊቱን ከጀርባው መለየት አቅቶኝ ሁለቱንም ገለበጥኩ፤ እንዳትስቂብኝ። ለሚያውቁ ሰዎች አሳይልኝ። የልጁን ስም፣ የአገሩን ስም፣ የእናቱ ጽሕፈት ካለም እሱን፣ በእኛ ፊደል ጽፈሽ ላኪልኝ። ባንዲራው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እማሆይ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ልጥራውና ይሂድ ብለዋል። ቶሎ በይ፣ ሰማንያ አልፏቸዋል።

እማዬ ዱዓዋን አላቋረጠችም፤ ብርድ እንዳይመታሽ ነው የምትለው። ዚነት በጣም ሰላም ትልሻለች፤ ባንዲራውን ከአይጥ የጠበቀችው እሷ ናት። ትንሹ ልጄ ፈሀድ ስትመጪ የሚንቀሳቀስ መኪና እንድታመጪለት አደራ ብሏል። እማሆይ አረጋሽም ሰላም ብለውሻል፤ የልጁን ዘመዶች ካገኘሻቸው እንዲህ በይልኝ ብለዋል፦ «ልጃችሁ ሰባ ዓመት እኛ ቤት ነበር፤ ብቻውን ግን አልነበረም።»

ወንድምሽ ሙሰዓብ ሱሌማን
ዳባት፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.