ሳትሰናበቺኝ የሄድሽበት መንደር

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ ተናድጄብሻለሁ። ሰው በሞተ እናቱ አይናደድም ይሉኛል። እኔ ግን አንጀቴ እንዳረረ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። አባዬ አሁንም አልጋው ጥግ ላይ ነው የሚተኛው፤ ያንቺን ቦታ አይነካም። የመካኒሳ መንገድ ተቆፋፍሮ ስለከረመ ታክሲው ከሰፈራችን ርቆ ያወርደናል። ብትኖሪ እስከ በር ድረስ ስታማርሪ እሰማሽ ነበር። ምሬትሽ እንኳ ናፈቀኝ።

ያን ክረምት ታስታውሻለሽ? ቤተ ክርስቲያናችን አስተማሪ አድርጋ ከላከችሽ የደቡብ ሱዳን መንደር ወባ አድቅቆሽ፣ ልብስሽ ሁሉ ሰፍቶሽ መጣሽ። ሐኪሙ ሁለተኛ ወደዚያ እንዳትመለሺ አለሽ። አንቺም እጄን ይዘሽ፣ በቃ ቀረሁ፣ አልሄድም አልሽኝ። አመንኩሽ። እኔ ራሴ አስተማሪ የሆንኩት ትልቅ ሴት ጉልበትሽ መሀል ቁጭ ብዬ ሹሩባ ሠራሽኝ። መስከረም ሲጠባ ግን ሥራ እስክወጣ ጠብቀሽ ሻንጣሽን አንስተሽ ሄድሽ። ማታ ስገባ አባዬ በር ላይ ቆሞ፣ የማስተምራቸው ልጆች ይጠብቁኛል ብላ ሄደች አለኝ። እኔስ? እኔ የማን ልጅ ነኝ?

ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ያው ወባ ገደላት የሚል መርዶሽ ነው። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው እዚያው ቀበሩሽ። እዚህ ድንኳን ተተከለ፣ ዕድሩ ወንበር አመጣ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ግን ለቅሶ አልፈቀዱም። ዘመሩ፣ አጨበጨቡ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮሁ ሲገቡ ሁለት እህቶች ግራና ቀኝ ይዘው ዝም አሰኟቸው። በጌታ የዳነ ሰው አይለቀስለትም ተባለ። ሬሳሽን አላየሁ፣ አፈር አላለበስኩሽ፣ አሁን ደግሞ እንባዬንም ከለከሉኝ።

በጋ ላይ መቃብርሽን ለማየት ሄድኩ። አንቺን የላኩሽ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ወንድም ጌቱ፣ አብረውኝ መጡ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጆቹን ልጠላቸው ነበር የሄድኩት። እናቴን የወሰዱብኝ እነሱ ናቸዋ! መቃብርሽ ታስተምሪበት ከነበረው ዛፍ አጠገብ ነው። ልጆቹ ፊቴን ሲያዩ፣ ያው ያንቺ ፊት ነውና፣ አንዷ ጮኸች። ሁሉም ተከተሏት፤ መሬት ላይ ወድቀው አለቀሱ። እናቶቻቸውም እየሮጡ መጡ። ወንድም ጌቱ እጃቸውን አንስተው፣ አታልቅሱ፣ ጌታ ጋ ናት፣ ማለት ሲጀምሩ ገነፈልኩ። ይተዋቸው! እናቴን ያልቅሱልኝ! ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ በሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ ልጆቹ መሀል ተቀምጬ፣ ድንኳኑ ውስጥ የዋጥኩትን ሁሉ አወጣሁት።

አስተማሪ አልተተካላቸውም። ቢሆንም በየጠዋቱ ዛፉ ሥር ይመጣሉ፤ ትልቋ ልጅ ፊደል ታስቆጥራቸዋለች። ጠመኔውን ልክ እንዳንቺ በሁለት ጣቷ ብቻ ትይዘዋለች። እሱን ሳይ ተሸነፍኩ፣ እማዬ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

እናም ልመለስ ነው። ከትምህርት ቤቴ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ነገ እሄዳለሁ። ጥሪ ነው እንዳትይኝ፤ እኔን ማንም አልጠራኝም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እጅ ጭነን እየዘመርን እንሸኝሽ ቢሉኝ አልፈልግም አልኳቸው። አንቺ ትንቂው የነበረውን አጎበር ይዣለሁ። ቢያመኝ እንደ አንቺ ያልፋል ብዬ አልተኛም። ልጆቹን አስተምሬ ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ።

የምረሳሽ እንዳይመስልሽ። መልካሙን ብቻ ነጥዬ አላስታውስሽም፤ ሹሩባ የሠራሽኝንም፣ ዋሽተሽኝ የሄድሽውንም እኩል አስታውሳለሁ። ልጆቹ ስላንቺ ሲጠይቁኝ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ።

አባዬ አሁን ሳሎን ተቀምጧል። ሬዲዮ የሚሰማ ይመስላል፤ ሬዲዮው ግን አልተከፈተም። ሻንጣዬን አይቶታል። ጠዋት ሥራ እስኪወጣ አልጠብቅም። ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አቅፌው፣ ደህና ሁን አባዬ እለዋለሁ። ቢያለቅስም ዝም በል አልለውም።

ልጅሽ